ያረጀ ስልክ ላይ አዲስ ሲስተም መጫን፦ መመለሻውን አስቀድማችሁ ያዙ

ደሴ ውስጥ ስልክ ቶሎ አይጣልም። ስክሪኑ ሲሰነጠቅ ይቀየራል። ባትሪው ሲደክም ፒያሳ ተወስዶ ሌላ ይገባለታል። ስልኩን ዋጋ የሚያሳጣው ብዙ ጊዜ ሶፍትዌሩ ነው። ካሜራው ደህና ነው፣ ድምፁ ደህና ነው፣ ግን አፕ በተከፈተ ቁጥር ሀንግ ያደርጋል። አምራቹ ማሻሻያ መላክ ካቆመ ዓመታት ሆኖታል። አዲስ የደህንነት ቀዳዳ ሲገኝ የሚደፍንለት የለም። ቴሌብርና የባንክ አካውንት በያዘ ስልክ ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ለእንዲህ ዓይነቱ ስልክ አንድ መንገድ አለ። የፋብሪካውን ሲስተም አውጥቶ በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራ ሌላ አንድሮይድ መጫን። በጣም የታወቀው ሊኒጅ ኦኤስ ነው። ሳያኖጅንሞድ የሚባለው ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ ሲዘጋ ከእሱ ላይ የተነሣ ነው። በነጻ ይወርዳል፣ ኮዱም ለማንም ክፍት ነው።

ይህን ሥራ ለራሴ፣ ለዘመድና ለጎረቤት ስሠራ ቆይቻለሁ። ብዙ ስልክ ተርፏል። አንድ ስልክ ግን በእጄ ሞቷል። እንዴት እንደሞተ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ። ከዚያ ስልክ የተማርኩት፣ ጭነቱ ራሱ የግማሽ ሰዓት ሥራ እንደሆነና አደጋውም ደህንነቱም ከእሱ በፊት በሚሠራው ዝግጅት ላይ እንዳለ ነው። ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሾፌር ፍሬኑን ደሴ ላይ ነው የሚፈትሸው። ሐረጎ ጠመዝማዛ ውስጥ ከገባ በኋላ መፈተሽ አይረባውም።

ስልኩ ይህን ሥራ ይችላል ወይ?

የስልኩ የገበያ ስም አይበቃም። እያንዳንዱ ሞዴል ሶፍትዌር ሠሪዎቹ የሚጠሩበት የኮድ ስም አለው። ፋይል የሚመረጠው በዚያ ስም ነው። ሬድሚ ኖት 8ን እንውሰድ። ኖት 8 የኮድ ስሙ ጂንክጎ ነው፤ ውስጡ ስናፕድራገን 665 ነው። ኖት 8 ፕሮ ቤጎኒያ ይባላል፤ ውስጡ የሚዲያቴክ ሄሊዮ ጂ90ቲ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 እንደገና የወጣው ኖት 8 ደግሞ ቢሎባ ነው፤ እሱ ሄሊዮ ጂ85 ነው የያዘው። ሦስቱም ካርቶናቸው ላይ «ኖት 8» የሚል አለ። የአንዱን ፋይል ለሌላው መጫን የባጃጅ ፒስተን ለአይሱዙ እንደማዘዝ ነው።

ስለዚህ ሴቲንግ ውስጥ «ስለ ስልኩ» የሚለውን ክፈቱና የሞዴል ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፉ። ከዚያ *#06# ደውሉ። የሚመጡትን 15 አሃዝ ያላቸው የአይኤምኢአይ (የስልኩ መለያ) ቁጥሮችም ጻፉ። ሁለት ሲም የሚይዝ ስልክ ሁለት ቁጥር ይሰጣችኋል። ይህን ወረቀት አትጣሉት፤ በሥራው መጨረሻ ላይ ትፈልጉታላችሁ። ቀጥሎ የሊኒጅ ኦኤስ ይፋዊ የስልኮች ዝርዝር ውስጥ ሞዴሉን ፈልጉ። እዚያ ላይ የኮድ ስሙና ለዚያ ስልክ ብቻ የተጻፈ የአጫጫን ገጽ አለ። የእኔ ጽሑፍ ያንን ገጽ አይተካም። ጎን ለጎን አንብቡት።

አሁን ስለ ገበያችን በግልጽ ላውራ። በብዛት በእጃችን ያሉት ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስና አይቴል ናቸው። አብዛኞቹ በይፋዊው ዝርዝር ውስጥ የሉም። ቴሌግራም ላይ «ለቴክኖ የሚሆን አዲስ ሮም» እየተባለ የሚለቀቅ የሲስተም ፋይል ታገኛላችሁ። ማን እንደሠራው፣ ውስጡ ምን እንደተጨመረበት ማወቂያ የላችሁም። የምክሬ ሙሉ ቃል፦ አትጫኑት። ስልኩ ከከበደ ዳታውን አውጥታችሁ በራሱ ሲስተም ፋክተሪ ሪሴት አድርጉት፤ ብዙ ጊዜ ያ ይበቃዋል።

ሌላ ሲስተም ለመጫን መጀመሪያ ቡትሎደሩ መከፈት አለበት፤ ስልኩ ሲበራ የትኛው ሲስተም እንዲነሣ የሚፈቅደው ፕሮግራም ነው። ሁዋዌ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የቡትሎደር መክፈቻ ኮድ መስጠት አቁሟል። ሳምሰንግ ላይ ደግሞ ቡትሎደሩ ተከፍቶ ሌላ ሲስተም ሲጫን ኖክስ የሚባለው የደህንነት ምልክት ይሰበራል። በኋላ የፋብሪካው ሲስተም ቢመለስ እንኳ አይጠገንም፤ ሴኪዩር ፎልደር ከዚያ በኋላ አይሠራም። ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩ ሳምሰንጎች አብዛኞቹ ከነጭራሹ አይከፈቱም። ፒክስል የሚባለው የጉግል ስልክ ከሁሉም ይቀላል። ቬራይዘን የሚባለው የአሜሪካ ኦፕሬተር የሸጠው ከሆነ ግን አይከፈትም። ዘመድ ከውጭ የላከላችሁ ፒክስል ካለ ይህን መጀመሪያ አጣሩ። ሻዎሚ፣ ሬድሚና ፖኮ ይከፈታሉ፤ ግን ያስጠብቃሉ።

ከመወሰናችሁ በፊት አንድ ነገር ደግሞ አስቡ። የባንክና የክፍያ አፖች ስልኩ የተነካካ መሆኑን የሚፈትሹበት መንገድ አላቸው። ቡትሎደሩ የተከፈተ ስልክ ላይ አንዳንዱ አፕ አልከፈትም ሊል ይችላል። ዛሬ የሚከፍተው ነገ ከማሻሻያ በኋላ ሊከለክል ይችላል። ሱቅ ያላችሁ፣ ቀኑን ሙሉ በስልክ ክፍያ የምትቀበሉ ከሆናችሁ፣ ይህን ሥራ በዋናው ስልካችሁ ላይ አትጀምሩት። ለሌላው ሰው *127# ለቴሌብር፣ *889# ለንግድ ባንክ አለለት። እነሱ በኔትወርኩ በኩል ስለሚያልፉ የስልኩን ሲስተም አይመለከቱም።

መረጃውን ማውጣት

ቡትሎደር ሲከፈት ስልኩ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል። ፎቶ፣ ስልክ ቁጥር፣ ሜሴጅ፣ ሁሉም። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። ስልክ የሰረቀ ሰው ቡትሎደሩን ከፍቶ የውስጡን እንዳያይ።

ባለፈው ክረምት የጎረቤታችን እናት ስልካቸውን ይዘው መጡ። እማማ ነው የምንላቸው። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ሰፈሩን ሸፍኖታል፤ እሳቸው ስልኩን በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለውታል። ልጃቸው ከጅዳ የላከችላቸው ኖት 8 ነው።

«አንተ ልጅ፣ ይኸ ነገር ሞተብኝ እኮ። ስነካው ዝም ነው።»

«አልሞተም፣ እማማ። ሲስተሙ ከብዶት ነው። ውስጡን አጥፍቼ አዲስ እጭንልዎታለሁ።»

«ታጠፋዋለህ?» አሉ። ስልኩን መልሰው ወደ ራሳቸው ያዙት። «የልጄ ድምፅስ?»

ልጃቸው በዋትስአፕ የድምፅ መልእክት ትልክላቸዋለች። እሳቸው ፊደል አልቆጠሩም። ማታ ማታ እነዚያን መልእክቶች እየደጋገሙ ይሰማሉ። እኔ ፎቶውን አስቤ ነበር፤ ስልክ ቁጥሩንም አስቤ ነበር። ድምፁን ግን አላሰብኩትም። ከዚያ ቀን ወዲህ የማንንም ስልክ ከመንካቴ በፊት አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ እዚህ ውስጥ ቢጠፋ የሚያስለቅስህ ምንድን ነው?

የአወጣጡ ቅደም ተከተል እንዲህ ነው። ስልክ ቁጥሮቹ ሲም ላይ ነው ወይስ ጉግል አካውንት ላይ ያሉት? ኮንታክት አፑ ውስጥ «ኤክስፖርት» አለ፤ በእሱ አውጥታችሁ ፋይሉን ኮምፒውተር ላይ አስቀምጡ። ፎቶና ቪዲዮ ያለበትን ዲሲም ፎልደር እንዳለ ገልብጡ። ሜሴጅ ለብቻው በባክአፕ አፕ ይወጣል።

ዋትስአፕ ጥንቃቄ ይፈልጋል። መጀመሪያ አፑ ውስጥ ገብታችሁ «ቻት ባክአፕ» ተጫኑ። ሲጨርስ ስልኩን ከኮምፒውተር ጋር አገናኙ። «አንድሮይድ» ፎልደር ውስጥ «ሚዲያ» አለ፤ በእሱ ውስጥ የዋትስአፕን ፎልደር ታገኛላችሁ። እሱን ከነሙሉው ገልብጡት። የድምፅ መልእክቶቹ በሳምንት በሳምንት ተከፋፍለው በየፎልደሩ ተቀምጠዋል። ገልብጣችሁ ስትጨርሱ ሁለት ሦስቱን ኮምፒውተሩ ላይ ከፍታችሁ ስሙ። የተገለበጠ መስሎ ባዶ የሆነ ፎልደር አጋጥሞኛል። ቴሌግራም ላይ ያለው መልእክት ሰርቨር ላይ ስለሚቀመጥ ይመለሳል። ሲክሬት ቻት ግን አይመለስም።

የጉግል አካውንታችሁን ስምና ፓስወርድ እርግጠኛ ሁኑ። ስልክ ቤት የተከፈተላችሁ፣ ፓስወርዱን የማታውቁት አካውንት ከሆነ አሁኑኑ ቀይሩት። ስልኩ ከጸዳ በኋላ የድሮውን አካውንት ሊጠይቃችሁ ይችላል። ማለፊያ ካጣችሁ በር ላይ ቆማችሁ ትቀራላችሁ።

መመለሻው

አሁን ወደሞተው ስልክ ልመለስ። ከአንድ ሱቅ የተገዛ ስልክ ነበር። ላዩ ላይ ዓለም አቀፍ ሲስተም ነበረው፤ እንግሊዝኛውም ሁሉም ነገሩ ደህና ነበር። ስልኩ ራሱ ግን ለቻይና ገበያ የተሠራ ነው። ሻጩ ቡትሎደሩን ከፍቶ ነበር የዓለም አቀፉን የጫነበት። እኔ ይህን አላጣራሁም። «ለደህንነት» ብዬ ቡትሎደሩን መልሼ ቆለፍኩት። ከዚያ በኋላ ስልኩ አልተነሣም። ቁልፉ ሲዘጋ ስልኩ የራሱን ሲስተም ብቻ ነው የሚቀበለው። ያገኘው የሌላ ክልል ሲስተም ነው፣ ስለዚህ እንቢ አለ። የተማሪ ስልክ ነበር። ሌላ ገዝቼ ሰጠሁት፤ ውስጡ የነበረውን ጽሑፉን ግን ልመልስለት አልቻልኩም።

ከዚህ ሁለት ነገር ያዙ። አንደኛ፣ ስልኩ የየትኛው ገበያ እንደሆነ ካርቶኑ ላይ ካለው የሞዴል ቁጥር አጣሩ። ሁለተኛ፣ ሌላ ሲስተም የተጫነበትን ስልክ ቡትሎደሩን መልሳችሁ አትቆልፉ። ሊኒጅ ኦኤስ ላይ ክፍት ሆኖ ይቀራል። ስልኩ በሰው እጅ ቢገባ ጥበቃው ይላላል፣ እውነት ነው። ስለዚህ ጠንካራ የስክሪን ቁልፍ አድርጉለት።

መመለሻ ማለት የስልካችሁ ትክክለኛ የፋብሪካ ሲስተም ኮምፒውተራችሁ ላይ ወርዶ መገኘቱ ነው። ከመጀመራችሁ በፊት። ስልኩ ጠፍቶ ዳታ ሲያልቅ የሚፈለግ ነገር አይደለም። ፋይሉ ብዙ ጊዜ ከ2 ጊጋ በላይ ነው። ከክልሉና ከኮድ ስሙ ጋር የሚገጥመውን ውሰዱ። ስልኩ ላይ ካለው ስሪት ያረጀ አትውሰዱ። ሻዎሚ ስልኮች ላይ ወደ ኋላ መመለስን የሚከለክል ጥበቃ አለ። ያረጀውን በግድ ስትጭኑ ስልኩ ሙሉ በሙሉ ሊሞት ይችላል።

የሻዎሚን ሲስተም የሚመልሰው ሚ ፍላሽ የሚባለው ፕሮግራም ከታች በኩል ሦስት ምርጫ አለው። አንዱ «አጽዳና ቆልፍ» የሚል ነው፤ ብዙ ጊዜ ፕሮግራሙ ሲከፈት ተመርጦ የሚገኘውም እሱ ነው። ወደ «አጽዳ» ብቻ ቀይሩት። ቀይራችሁም እንደገና እዩት።

ኮምፒውተር፣ ኬብል፣ መብራት

ላፕቶፕ ተጠቀሙ። ዴስክቶፕ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ሲስተም እየተጻፈ ባለበት ደቂቃ ግንኙነቱ ከተቋረጠ ስልኩ ግማሽ ሲስተም ይዞ ይቀራል። የላፕቶፑ ባትሪ ይሙላ። ስልኩም ቢያንስ ከ60 በመቶ በላይ ይሁን። ሰፈራችሁ መብራት የሚጠፋበት ሰዓት የታወቀ ከሆነ ከዚያ ሽሹ።

ኬብሉ ዳታ የሚያሳልፍ መሆን አለበት። መንገድ ላይ በርካሽ የሚሸጠው ኬብል ብዙ ጊዜ ቻርጅ ብቻ ነው የሚያደርገው። ስልኩን ስትሰኩት ኮምፒውተሩ ላይ ፋይሎቹ ካልታዩ ኬብሉን ቀይሩ። ወለም ዘለም የሚል፣ ሲነካ የሚቋረጥ ኬብል ለዚህ ሥራ አይሆንም። በሃብ በኩል አትሰኩ፤ በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ይሁን። አዲሱ ፖርት ስልኩን አላየው ካለ አሮጌውን ዩኤስቢ 2 ፖርት ሞክሩ።

ከጉግል ፕላትፎርም ቱልስ የሚባለውን ትንሽ ጥቅል አውርዱ። ኮምፒውተሩ ስልኩን የሚያዝባቸውን ሁለት መሣሪያዎች ይዟል፤ አዲቢ እና ፋስትቡት። ትእዛዝ በጽሑፍ ነው የሚሰጣቸው። እዚህ በእኛ ፊደል የምጽፋቸውን ትእዛዞች ኮምፒውተሩ ላይ በላቲን ፊደል ትጽፋላችሁ። አጻጻፋቸውን ከስልካችሁ የአጫጫን ገጽ ላይ ገልብጡ። ዊንዶውስ ከሆነ የስልኩ ድራይቨርም ያስፈልጋል።

ማውረድና ማረጋገጥ

የሚወርዱት ሦስት ናቸው። የሊኒጅ ኦኤስ ዚፕ ፋይል አለ፤ አንድ ጊጋ አካባቢ ነው። ከእሱ ጋር የሚሰጠው ሪከቨሪ ፋይል አለ፤ ዋናው ሲስተም ሳይነሣ ሲስተም የሚጫንበትና ዳታ የሚጸዳበት ትንሽ ፕሮግራም ነው። ፕሌይ ስቶር ከፈለጋችሁ ደግሞ የጉግል አፖች ጥቅል አለ። ለዚህ ማይንድዘጋፕስ የሚባለውን ነው የምጠቀመው። የጉግሉ ጥቅል ከአንድሮይዱ ቁጥር ጋር መግጠም አለበት። ሊኒጅ 21 አንድሮይድ 14 ነው፣ ሊኒጅ 22 አንድሮይድ 15 ነው። ቁጥሮቹ ስለማይመሳሰሉ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል።

የሌሊት ጥቅል ገዝታችሁ ብታወርዱ ይሻላል፤ ይረክሳል፣ መስመሩም ይለቃል። ከይፋዊው ገጽ ብቻ አውርዱ። ጓደኛችሁ በፍላሽ ዲስክ ቢሰጣችሁም ችግር የለውም፤ ግን ቀጣዩን ምርመራ አትዝለሉ።

ከእያንዳንዱ ፋይል ጎን ሻ-256 የሚባል ረጅም የቁጥርና የፊደል ሰንሰለት አለ። 64 ምልክት ነው። የፋይሉ የጣት አሻራ በሉት። ዊንዶውስ ላይ ሰርትዩቲል በሚባለው ትእዛዝ፣ ሊኑክስ ላይ ደግሞ ሻ-256 ሰም በሚባለው ያወረዳችሁትን ፋይል አሻራ አውጡ። ሁለቱን አስተያዩ። አንድ ፊደል ከተለየ ፋይሉን ደምስሳችሁ እንደገና አውርዱ። አንድ ሌሊት መስመሩ እየተቆራረጠ የወረደልኝ ፋይል መጠኑ ልክ ነበር፣ ስሙ ልክ ነበር፣ አሻራው ግን ፈጽሞ ሌላ ነበር። ያንን ብጭነው ኖሮ መሃል ላይ ነበር የሚቆመው።

ቡትሎደሩን መክፈት

ሴቲንግ ውስጥ «ስለ ስልኩ» ግቡ። የቢልድ ቁጥሩን 7 ጊዜ ንኩት፤ ሬድሚ ላይ የሚነካው የኤምአይዩአይ ስሪት የሚለው ነው። ዴቨሎፐር ኦፕሽን ይከፈታል። እዚያ ውስጥ «ኦኢኤም መክፈቻ» የሚለውን አብሩ።

ሻዎሚ ላይ «ሚ» የሚባለውን የሻዎሚ አካውንት ይዛችሁ፣ ዋይፋይ ዘግታችሁ፣ በሲም ዳታ ስልኩን ከአካውንቱ ጋር ታገናኙታላችሁ። ከዚያ በኮምፒውተሩ የመክፈቻ ፕሮግራም ስትሞክሩ ጠብቁ ይላችኋል። ብዙ ጊዜ 168 ሰዓት ነው፤ ሳምንት ሙሉ። በዚህ ሳምንት አካውንቱን ደግማችሁ አታገናኙ፤ ሰዓቱ ከመጀመሪያው ሊቆጥር ይችላል። ሃይፐር ኦኤስ የሚባለው አዲሱ የሻዎሚ ሲስተም የገባላቸው አዳዲሶቹ ስልኮች ላይ ደንቡ ከዚህ ጠብቋል። «ሳያስጠብቅ በአንድ ሰዓት እከፍታለሁ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አካውንታችሁንና ፓስወርዳችሁን አትስጡት።

በዚያ ሳምንት እማማ ስልካቸውን እንደያዙ ነበር። ቀኑ ሲደርስ ሊያመጡልኝ መጡ፤ ሦስት አዲስ የድምፅ መልእክት ገብቷል። ሳምንት ቀድሜ የገለበጥኩት አይበቃም ነበር። ስለዚህ ባክአፑን የመክፈቻው ዕለት ድገሙት።

ስልኩን አጥፉት። ድምፅ መቀነሻውንና የመብራቱን ቁልፍ (ስልኩ የሚበራበትንና የሚጠፋበትን) አብራችሁ ስትይዙ ፋስትቡት ወደሚባለው፣ ከኮምፒውተር ትእዛዝ ወደሚቀበልበት ገጽ ይገባል። ኬብሉን ሰኩ። «ፋስትቡት ዲቫይስስ» ስትሉ የስልኩ መለያ ከታየ ተገናኝታችኋል። «ፋስትቡት ጌትቫር ፕሮዳክት» በሉ። ስልኩ የኮድ ስሙን በራሱ አፍ ይነግራችኋል። ካወረዳችሁት ፋይል ስም ጋር ካልገጠመ እዚህ ላይ ቁሙ። እስካሁን ምንም አልጠፋም፤ እዚህ ነጥብ ላይ መመለስ ነጻ ነው። ከገጠመ መክፈቻውን ተጫኑ።

ጭነቱ

ስልኩ ተከፍቶ ባዶውን ይነሣል። እንደገና ወደ ፋስትቡት መልሱት። «ፋስትቡት ፍላሽ ሪከቨሪ» በሚለው ትእዛዝ የሊኒጅን ሪከቨሪ ጫኑ። አንዳንድ ሞዴል ከዚህ በፊት ሌሎች ትንንሽ ፋይሎች እንዲጫኑ ይጠይቃል። የሞዴላችሁ ገጽ ካላለ አትጨምሩ፤ ካለ አትዝለሉ።

ሪከቨሪው እንደተጫነ ስልኩ ወደ ድሮው ሲስተም እንዳይነሣ አድርጉ። ከተነሣ የፋብሪካው ሲስተም ሪከቨሪውን በራሱ ሊተካው ይችላል። ድምፅ መጨመሪያውንና የመብራቱን ቁልፍ ይዛችሁ በቀጥታ ወደ ሪከቨሪ ግቡ። የሊኒጅ ምልክት ከታየ ልክ ናችሁ።

«ፋክተሪ ሪሴት» ውስጥ «ፎርማት ዳታ» አለ፤ እሱን ምረጡ። ቀጥሎ ወደ ዋናው ገጽ ተመለሱና «አፕላይ አፕዴት»፣ ከዚያ «አፕላይ ፍሮም አዲቢ»። ኮምፒውተሩ ላይ «አዲቢ ሳይድሎድ» ብላችሁ የሊኒጁን ዚፕ ስም ጨምሩ።

ከዚህ በኋላ እጃችሁን ሰብስቡ። ኬብሉን አትንኩ፣ ላፕቶፑን አታንቀሳቅሱ። ኮምፒውተሩ ላይ መቶኛው ይቆጥራል። 10፣ 25፣ 40። ከዚያ 47 ላይ ሊቆም ይችላል። ይህች 47 ብዙ ሰው አስደንግጣለች። ደንግጦ ኬብል የነቀለ አለ። እሷ ላይ ቆሞ «ትእዛዝ ማንበብ አልተቻለም፦ ተሳክቷል» የሚል እርስ በርሱ የሚጋጭ ጽሑፍ ከመጣ ሥራው ተጠናቋል ማለት ነው። መመልከት ያለባችሁ የስልኩን ስክሪን ነው። ስልኩ ጨርሻለሁ ብሎ ወደ ምርጫው ገጽ ከተመለሰ ጨርሷል። እማማም ጎኔ ተቀምጠው «ቆመ?» ሲሉኝ «አልቆመም፣ ስልኩ እየሠራ ነው» አልኳቸው። ትንሽ ቆይቶ ስክሪኑ መለሰልን።

የጉግል አፖችን የምትፈልጉ ከሆነ አሁን ነው፤ ስልኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመነሣቱ በፊት። «አድቫንስድ» ውስጥ ገብታችሁ ሪከቨሪውን እንደገና አስነሡ፣ ከዚያ በዚያው መንገድ ጥቅሉን ላኩ። ፊርማው አልተረጋገጠም ብሎ ይጠይቃችኋል። ይህ ጥቅል በሊኒጅ ፊርማ ስላልተፈረመ ነው፤ አሻራውን አስቀድማችሁ ካረጋገጣችሁ «አዎ» በሉት። ሲስተሙን አስነሥታችሁ በኋላ ልጨምር ካላችሁ ግን ነገሩ ይበላሻል፤ እንደገና ፎርማት ነው።

አሁን «ሪቡት»። የመጀመሪያው መነሣት ይዘገያል፤ እስከ 15 ደቂቃ ድረስ ጠብቁት። ቡና እየተፈላ ከሆነ አቦሉን ጠጡ። ከዚያ በላይ ምልክቱ ላይ ከቀረ ብቻ ነው ችግር አለ የሚባለው።

ከተነሣ በኋላ

ቋንቋውን አማርኛ ማድረግ ትችላላችሁ። ለመጻፍ ጂቦርድ ላይ አማርኛን ጨምሩ። ከዚያ ወዲያው *#06# ደውሉ። ቁጥሮቹ ወረቀታችሁ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆን አለባቸው። ሁለቱንም ሲም አስገብታችሁ ደውሉ፣ ይደወልላችሁ። ሜሴጅ ላኩ። ዳታ፣ ዋይፋይ፣ ብሉቱዝ፣ ካሜራ፣ የጣት አሻራ፣ ድምፅ፤ አንድ በአንድ። ይህን የምታደርጉት ፋይሎቻችሁን ከመመለሳችሁ በፊት ነው። ጉድለት ካለ ባዶ ስልክ መድገም ቀላል ነው።

ዋትስአፕን ከመጫናችሁ በፊት የገለበጣችሁትን ፎልደር ወደነበረበት ቦታ መልሱ። ከዚያ አፑን ጫኑና በዚያው ስልክ ቁጥር ግቡ። የድሮውን ባክአፕ ልመልስ ወይ ብሎ ይጠይቃችኋል። ቦታው ልክ ካልሆነ አይጠይቅም፤ ያኔ «ዝለል» ብላችሁ አትለፉ። አፑን አውጥታችሁ ፎልደሩን አስተካክሉና ድገሙት።

ሲያልቅ የዩኤስቢ ዲበጊንግ (ኮምፒውተር ስልኩን በኬብል እንዲያዝ የሚፈቅደው) ከበራ አጥፉት። ሩት ማለት ለአፖች የሲስተሙን ሙሉ ሥልጣን መክፈት ነው፤ ካላስፈለጋችሁ ሩት አታድርጉ። ሩት የተደረገ ስልክ ለባንክ አፕ ይብስበታል፣ ለመጥፎ አፕም በሩን ይከፍታል። ሊኒጅ ማሻሻያ ሲያወጣ ሴቲንግ ውስጥ ባለው «አፕዴተር» ይመጣል።

እንቢ ካለ

ምልክቱ ላይ እየተነሣ ከጠፋ ብዙ ጊዜ ፎርማት ዳታ ተዘሎ ነው፤ ወይም የጉግሉ ጥቅል ቁጥሩ አልገጠመም። ወደ ሪከቨሪ ገብታችሁ ፎርማት አድርጉና ከሊኒጁ ዚፕ ጀምሩ። ፋስትቡት የሚገባ ስልክ አልሞተም። ያዘጋጃችሁትን የፋብሪካ ሲስተም መልሱለት፤ «አጽዳ» ብቻ መሆኑን አይታችሁ።

የአይኤምኢአይ ቁጥሩ ከጠፋ ወይም ዜሮ ከሆነ ሌላ ነገር አትሞክሩ። የፋብሪካውን ሲስተም መልሳችሁ እዩት፤ ብዙ ጊዜ አብሮ ይመለሳል። ካልተመለሰ ወደምታምኑት ጥገና ቤት ውሰዱት፤ ወረቀታችሁንም ያዙ። «ሌላ ቁጥር ልጻፍልህ» የሚላችሁን አትስሙ። የሌላ ስልክ ቁጥር ተሸክማችሁ መዞር መዘዝ አለው።

ስክሪኑ ጨልሞ ምንም ቁልፍ የማይሰማ ከሆነ ኬብሉን ነቅላችሁ የመብራቱን ቁልፍ ለረጅም ጊዜ ያዙት። ካልተነሣ እዚያው አቁሙ። በብስጭት የሚሰጥ ትእዛዝ የሚተርፈውንም ይገድላል።

የእማማ ስልክ ያን ማታ ተነሣ። ቁጥሮቹን ከወረቀቱ ጋር አመሳከርኩ፤ ገጠሙ። ፎልደሩን መለስኩ። ዋትስአፕ ጠየቀ፣ «መልስ» አልኩት። እሳቸው ምንም አላሉም፤ ስልኩን ተቀብለው ጆሯቸው ላይ አደረጉት። ጅዳ ያለችው ልጅ ስለ በግ ዋጋ እያወራች ነበር። እማማ እስከ መጨረሻው ሰሙትና፣ ወረቀቱን ከእጄ ወስደው አጥፈው ከካርቶኑ ውስጥ ከተቱት።